አጋሮ የተሰቀለው ባነር

በኮምፒውተር መሳል የሚጀምር ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ፊት መሳል ይፈልጋል። እኔ ግን ፊት በመሳል አላስጀምርም። መጀመሪያ የማስተምራቸው ሌየር የሚባለውን ነገር ነው። መስታወት በመስታወት ላይ እንደ መደርደር ነው እላቸዋለሁ። ከታች ፎቶ ታስቀምጣላችሁ፣ ፎቶውን ታደበዝዙታላችሁ፣ ከላይ ባለው ባዶ መስታወት ላይ መስመሩን ተከትላችሁ ትስላላችሁ። ሲያልቅ የታችኛውን ትዘጉታላችሁ። የሚቀረው የእጃችሁ ሥራ ነው።

ሁልጊዜ የምደግመው አንድ ነገር አለ። ሰው ስትስሉ ሰው መሆኑን እርሱት፤ የምታዩትን መስመር ብቻ ተከተሉ። ይህ ሰው ነው ካላችሁ እጃችሁ የለመደውን ሰው ይስላል እንጂ ከፊታችሁ ያለውን አይስልም። ይህን የነገረኝ እኔን ያስተማረኝ ሰው ነው። እውነት ነው፤ ዛሬም እንደዚያው አስተምራለሁ።

ጅማ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ። የሥዕል ክበቡ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው። መሳያ ሰሌዳ የለንም፤ በማውዝ እንሥላለን። ማውዝ ያልደረሰው በስልኩ ላይ በጣቱ ይሥላል። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ናቸው፣ ግን ይሠራሉ። ከአስር ሶላት በፊት ጨርሼ ወደ ሰፈሬ ሰቶ ሰመሮ፣ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ። ትንሿን ጡት ካስጣልኳት ገና ብዙ ስላልቆየ በር ላይ ነበር የምትጠብቀኝ።

በዚያ ዓመት ከክበቡ ልጆች አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከአጋሮ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ በቡና የሚተዳደሩ ናቸው። እሷ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። ብዙ አትናገርም። ስትሥል ግን ማውዙ በእጇ እንደ እርሳስ ይታዘዝላታል።

ቡና መልቀም በተጀመረ ሰሞን አንድ የቡና ባለሙያ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። አጋሮ ላይ፣ ገበሬው የደረቀ ቡናውን በሚያስረክብበት የማኅበር መቀበያ፣ የሚሰቀል ባነር ፈልጎ ነበር። ግማሹ ስሕተቱን፣ ግማሹ ትክክሉን የሚያሳይ። ስሕተቱ ቡናን ባዶ መሬት ላይ ማስጣት ነው፤ ቡናው አፈር አፈር ይላል፣ ገዢ ይመልሰዋል። ትክክሉ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ሠርቶ፣ ሰሌን አንጥፎ እዚያ ላይ ማድረቅ ነው። ጽሑፍ ማንም ቆሞ አያነብልኝም፣ ሥዕል ግን ያያሉ አለ። ለቅዳሜ ገበያ እንዲደርስለት ጠየቀን።

ልጆቹ ሁሉ ሞከሩ። የሷ በለጠ። የቀኙን ግማሽ የሠራችው ኢንተርኔት ላይ ካገኘችው ፎቶ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ የማንም ግቢ አይመስልም። ግራው ግን ሕይወት ነበረው። በቆርቆሮ ቁራጭ የተጠጋገነ በር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በሩ ፊት መሬት ላይ የተሰጣ ቡና። ቡናው አጠገብ አንድ ሰው ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩን ወደፊት ዘርግቷል፣ በግራ እጁ ቡና ማገላበጫውን ይዟል። ፊት አልሣለችለትም። ባርኔጣውና ጥላው ብቻ ነው። ማሻአላህ አልኳት። ለባለሙያው በቴሌግራም ላክሁለት፤ እሱም ወዶት ለባነር ቤቱ ሰጠው።

ሐሙስ ዕለት በዕረፍት ሰዓት መጣችና አልቀመጥም አለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቲቸር፣ አባቴ ነው» አለችኝ።

አልገባኝም። አባትሽ ምን ሆኑ አልኳት። ሥዕሉን አሳየችኝ። ማታ ለአክስቷ ልታሳያት አውጥታው፣ አክስቷ ገና ስታየው ሳቀች፤ ወንድሜን ምን ሊያደርግ እዚህ አስቀመጥሽው ብላ። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች፤ የግራውና የቀኙ ነገር ገብቷት ነበር።

ልጅቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ከአክስቷ ጋር አገር ቤት ሄዳ ነበር፤ የጎረቤት እናት ሞተው ለቅሶ ለመድረስ። ሲደርሱ ከመንገዱ ላይ ሆና የቤተሰቦቿን ግቢ ፎቶ አነሳችው። ቡናው መሬት ላይ ነበር፣ አባቷም አጠገቡ። የስሕተቱን ሥዕል እንድትሠራ ስትታዘዝ በስልኳ የነበረው ያ ፎቶ ነው። ከታች አስቀመጠችው፣ አደበዘዘችው፣ መስመሩን ተከተለች።

«አባትሽ መሆናቸውን ስትሥዪ አላየሽም?»

«ሰው ነው አትበሉ ብለሽን። መስመሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሥዕሉን ደግሜ ሳየው፣ ፊት የሌለው ሰውዬ ከማንም የማይምታታ ሰው መሆኑ ታየኝ። አባቷ ቀኝ ጉልበታቸው እንደማይታጠፍ ነገረችኝ፤ በልጅነታቸው ከዛፍ ወድቀው ነው። ግራኝ ናቸው። በሩን የሚያውቅ ደግሞ በሩን ያውቃል።

አባቷ በዚያ መቀበያ የታወቁ ሰው ናቸው። ቡናቸው ጆንያው ብዙ ሳይፈተሽ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ስማቸው ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ጆንያቸውን ይዘው ሲመጡ ከበሩ በላይ፣ በስሕተቱ በኩል፣ ራሳቸውን ተቀምጠው ሊያገኙት ነው። አገር ሁሉ እያየ። የሣለቻቸውም ልጃቸው ናት።

ለባለሙያው ደወልኩ። ገጠር ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ባነር ቤቱ ሄድኩ። ታትሟል፣ ጠዋት ተወስዷል አሉኝ። እዚያው ቆሜ ሌላ ይታተምልን፣ ሥዕሉን አስተካክለን እናመጣለን አልኩ። ሰውየው ፊቴን አየና ነገ ከጁምዓ በፊት ካመጣችሁ እሺ አለ። አላህ ይስጠው።

ለአባትሽ ደውይና አስቀድመሽ ንገሪያቸው አልኳት። ከኮምፒውተር ክፍሉ ደጅ ቆማ ደወለች። በመስኮቱ አያታለሁ፣ እሰማታለሁ። ነጋ፣ ፈያ እያለች በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፤ ከዚያ ላሟ ወለደች ወይ፣ እናቴ እንዴት ናት፣ ዝናቡ አቆመ ወይ። ረጅም ጊዜ አወራች። ገብታ ተቀመጠች።

ነገርሻቸው አልኳት። አልነገርኩትም አለች። ደግማ እንድትደውል አላስገደድኳትም።

ሥራውን ስንከፍት ሌላ ነገር ገጠመን። ሌየሮቹ የሉም። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍባት ሁሉንም አንድ ላይ አዋሕዳ፣ ያንን ብቻ ሴቭ አድርጋዋለች። ሌየሩ ቢኖር አባቷን መዝጋት የአንድ ጠቅታ ሥራ ነበር። አሁን ከአባቷ ጀርባ ምንም አልነበረም። እሳቸውን ስትሰርዝ የሰው ቅርጽ ያለው ነጭ ቀዳዳ ቀረ።

ያንን ቀዳዳ መሙላት ነበረባት። ግድግዳውን፣ መሬቱን፣ ቡናውን። ከጎኑ ቀለም እየወሰደች፣ እያስጠጋች፣ የቡናውን ፍሬ አንድ በአንድ። እግራቸው የነበረበትን መሬት ጨርሳ ወደ ግድግዳው ስትሻገር መብራት ጠፋ። ሴቭ አላደረገችም ነበር። ከጨለመው ስክሪን ፊት ቁጭ እንዳለች እጇን ከማውዙ ላይ አላነሳችም።

እኔ ክፍሉ ጥግ ሄጄ አስርን ሰገድኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። ሶላቴን አሰላምቼ ስዞር መብራቱ አልመጣም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከክፍል በፊት መጣን፤ ጥበቃው ከፈተልን። መብራት ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ከመጀመሪያው ጀመረች። በየደቂቃው ሴቭ በይ እላታለሁ፣ አድርጌያለሁ ቲቸር ትለኛለች። በሩንም ለወጠችው፤ ቆርቆሮውን አጥፍታ የእንጨት በር አደረገችለት። ዱካው ላይ ስትደርስ ጊዜ አለቀ። ዱካው ባዶውን ቀረ። ይቅር፣ ዱካ የሁሉም ቤት ነው አልኳትና ፍላሹን ይዤ ወደ ባነር ቤቱ ሮጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ስልኩን አነሳ። ነገሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። እግሩን ዘርግቶ የማይቀመጥ ገበሬ የት አለ፣ ማን ይለያቸዋል አለኝ። ሁሉም ይለያቸዋል አልኩት። ባነሩ አጋሮ ደርሷል፣ የመቀበያው ልጆች ዛሬ ይሰቅሉታል፣ ከገበያ በፊት ካመጣችሁ እንቀይረዋለን አለ። ዛሬ አትስቀሉት አልኩት። ድምፁ እየተቆራረጠ እሺ ያለ መሰለኝ።

ቅዳሜ የንጋቱን ሱብሒ ሰግጄ ትንሿን ለታላቅ እህቷ ሰጥቼ ወጣሁ። ልጅቱ መናኸሪያው በር ላይ ቀድማኝ ነበር። ረዳቱ የተጠቀለለውን አዲሱን ባነር ከላይ ልጫነው አለ። አልሰጥም አለች። ይሄ ምንጣፍ ወንበር ሊከፍል ነው ወይ ብሎ ቀለደባት። ጉልበታችን ላይ አጋድመነው ሄድን። እኔ መንገዱን ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቁርአን ቀራሁ። የቡናው ዛፍ በሁለቱም በኩል ቀልቶ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አሳያት ነበር።

አጋሮ ስንወርድ ገበያው ገና መሰብሰቡ ነበር። እየተጣደፍን ወደ መቀበያው ታጠፍን። ከሩቅ አየሁት። ተሰቅሏል።

አባቷም ደርሰዋል። ጆንያዎቻቸው ከሚዛኑ አጠገብ ሳይሆን ከግድግዳው ሥር፣ ለብቻ ተቀምጠዋል። ሚዛን ያዡ የሌላ ሰው ቡና ይመዝናል። ሰው ከባነሩ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ያያል። የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው።

«ሜ፣ እስቲ ንገረን፣ ከፍለውህ ነው ወይስ እንዲያው በነፃ ተቀመጥክላቸው?» ይላል አንዱ።

«እግሩን እንኳ አልሰበሰበም እኮ፣ አገር እያየው» ይላል ሌላው።

ይስቃሉ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ግን ጆንያዎቹ ግድግዳው ሥር ናቸው። አባቷ በዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ልጅቱ ከኋላዬ ቆመች። አዲሱን ባነር ጥብቅ አድርጋ አቅፋዋለች።

እኔ ቀረብኩ፤ ሰላም አልኳቸው። መምህርቷ ነኝ አልኩ።

«አውቄያለሁ። ልጆችዎ ደኅና ናቸው? ትንሿ አደገች?» አሉኝ።

ልጃቸው ስለ እኔ ቤት ነግራቸው ኖሯል። ደኅና ናቸው አልሐምዱሊላህ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። የሚጠየቀው ግን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እንዴት እንደሆነ አላወቅሁም። ባለሙያውን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አልመጣም። ለሚዛን ያዡ ባነሩ ስሕተት እንዳለበትና ሊቀየር እንደሆነ ነገርኩት።

«ምኑ ነው ስሕተቱ? ሰውየው እሳቸው አይደሉም?» አለኝ።

ምን ልበለው? ናቸው። ፎቶው የሳቸው ነው፤ ቡናው መሬት ላይ ነበር። አይደሉም ብል ውሸት ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቷ።

ሳቁ ቆመ። ሚዛን ያዡ ወደ ጆንያዎቹ አየ፤ እንግዲያው ሁሉም ይፈስሳል፣ ይፈተሻል አላቸው። በአክብሮት ነው ያላቸው። ይፈተሽ አሉ።

ከሰዎቹ መሐል አንድ ጎልማሳ ወጣ። እስከዚያ ድረስ አልሳቀም ነበር። ባነሩን ቀና ብሎ በደንብ አየው።

«ይህ እኔ እናቴን የቀበርኩ ሰሞን ነው» አለ። «ሰው መቀመጫ አጥቶ ነበር። ለተእዚያ፣ ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ የተቀመጠው በዚህ ሰው ሰሌን ላይ ነው። ቡናውን ከአልጋው መሬት ላይ ገልብጦ ነው ሰሌኑን የሰጠኝ። እናንተም ተቀምጣችሁበታል።»

አባቷ ተቆጡ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ተው እንጂ! ይህ ገበያ ላይ ይወራል?»

«ይወራል» አለ ሰውየው። «አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።»

ከኋላዬ የልጅቱን ድምፅ ሰማሁ። «እኔም ተቀምጬበት ነበር» አለች፤ ለእኔ ነው ወይስ ለራሷ አላውቅም። ለቅሶው ቤት ከሴቶቹ ጋር እዚያ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ሳለ የግቢያቸው ፎቶ በስልኳ ውስጥ ነበር።

ሚዛን ያዡ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታ። እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ከሥሩ ዘገነ። አሸተተ። ፍሬውን ፈልፍሎ በጥርሱ ሰበረ። ሁለተኛውን ፈታ። ሰው ሁሉ አፉን ያያል። እኔ በልቤ ያረቢ፣ ያረቢ እላለሁ። የቡና ነገር ብዙ አላውቅም፤ መሬት የነካ ቡና ከዚያ ውስጥ ካለ ምን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ።

«መሬት ላይ የነበረውስ?» አላቸው።

«እሱ ቤት ነው። አላመጣሁትም» አሉ። «ቤት ይጠጣል።»

ሚዛን ያዡ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ጆንያዎቹን ወደ ሚዛኑ አስጎተተ። ገበሬዎቹ ወደየጆንያቸው ተመለሱ።

ባለሙያው በሞተር ሳይክል ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ኔትወርኩ ተቆራርጦበት ያልኩትን ግማሹን እንዳልሰማ ነገረኝ። እውነቱን ነው። አሮጌውን አውርደው አዲሱን ሰቀሉት። ሰው እንደገና ቀና አለ። ቡናው አለ፣ ግድግዳው አለ፣ ባዶው ዱካ አለ።

«ሰውየውስ የት ሄደ?» አለ አንዱ።

«ለቅሶ ሄዷል» አለ ሌላው።

በዚህኛው አባቷም ሳቁ። ዱላቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው ሄዱ። እሷ አንገቷን ደፍታ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች፤ በክንዷ ይዘው አነሷት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«በሩንም ሣልሽው?»

«አዎ አባ።»

«ቆርቆሮውን ጭምር?»

«እሱንም።»

«እሱን እንኳ ልቀይረው ነበር» አሉ። ክንዷን ሳይለቁ፣ «ሌላ ጊዜ የሰው ግቢ ስትሥዪ ገብተሽ ጠይቂ። የራስሽም ግቢ ቢሆን» አሏት።

እሺ አለች። ስታለቅስ ያላዩ መስለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔም ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን መሬት ላይ የተዘረጋውን አሮጌውን ባነር በዱላቸው ጫፍ እየነካኩ ነበር።

«መምህርት፣ ይህ ነገር ዝናብ ያሳልፋል?»

አያሳልፍም አልኳቸው።

ባለሙያውን ጠየቁት፤ ይውሰዱት አለ። ቀን ደመና ሲመጣና ማታ ጤዛ ሲወርድ አልጋው ላይ ያለውን ቡና የሚሸፍኑበት ሸራ ተቀዶባቸው ነበር። ልጅቱን በአንድ ጫፍ አስያዟት፣ እሳቸው በሌላው ጫፍ ሆኑ። ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርገው አጠፉት፤ እንደገና አጠፉት። በጆንያ ገመድ አሰሩት። ከብብታቸው ሥር ሸጎጡትና ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን እየጎተቱ ከፊታችን ቀደሙ።